ሳማ የመሰከረበት ክንድ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

አርባ አንድ ሰው። ወገቤ ሊበጠስ ነው።

ሐሙስ የቆዳ ቀን ነው። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ከጥዱ ሥር ቆሜ ዋልኩ። ክፍሉ ጨለማ፣ መስኮቱ ጠባብ... ሕመምተኛ የማየው ውጭ ነው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ እያየ። "ዓይንህን ጨፍን። ሲነካህ እህ በል።" ጥጥ፣ መርፌ፣ ጥጥ፣ መርፌ። አንድ ሽማግሌ ገና መርፌውን ሳላነሣ "እህ፣ እህ" እያሉ አሳቁኝ። ዛሬ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከአርባ አንዱ እውነተኛ ሥጋ ደዌ ያለባቸው ሁለት ናቸው። ሌላው ቋቁቻ፣ እከክ፣ ጭርት። ሁሉም ግን እየተንቀጠቀጠ ነው የሚመጣው። ያቺን አንዲት ቃል ከአፌ እንዳይሰማ።

የዝውውር ደብዳቤ ዛሬም የለም። አምስት ወር ሞላው። ባለቤቴ ደብረ ታቦር፣ እኔ እዚህ ጋይንት ጫፍ። የድሬሰር ኑሮ ይኸው ነው?

አግዳሚው ላይ አንዲት ቀይ ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ስታየኝ ዋለች። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ሄደች። ምን ፈልጋ ነበር?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ያቺ ሴት ተመልሳ መጣች። የሻረግ ትባላለች። ከባሏ ከቄስ ንጉሴ ጋር ነው የመጣችው። የዜማ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ ናቸው። ሲያዜሙ ሰው ያስለቅሳሉ። በዚህ ደብር የማይወዳቸው የለም። እኔም እወዳቸዋለሁ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"ልጄ፣ የሰው ወሬ በዛ" አሉኝ። "ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። ንጹሕ ናት ብለህ ጻፍልኝና አፋቸውን ይያዙ።"

ግራ ክንዷ ላይ የእንቁላል ያህል ነጣ ያለ ምልክት። ሲያዩት ቋቁቻ ነው። ቶሎ ልያት ብዬ ጀመርኩ። ዓይኗን ጨፈነች። በጥጥ... ዝም። በመርፌ... ዝም። ጠንከር አደረግሁት። ደም ወጣ። ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከምልክቱ ውጭ ስነካት ግን ወዲያው "እህ።"

ደገምኩት። ያው።

ምን ልበል? መዝገቡ ላይ "ሥጋ ደዌ" ብዬ ጻፍኩ። ቄስ ንጉሴ ጥዱን ተደገፉ። እሷ አላለቀሰችም። ይህ ቃል ተነግሮት ያላለቀሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ በቃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

ማንጠግቦሽ ወለሉን ስትጠርግ አገር ያወራውን ሁሉ ነገረችኝ። የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከደብረ ታቦር ከሚመጣው ጋዜጣ እሷ ትቀድማለች።

"የካህን ጋብቻ በቁርባን ነው፣ ሐኪም። እሷ ብትሄድ ቄሱ ሌላ ማግባት አይችሉም፤ ካገቡ ክህነታቸው ቀረ። ስለዚህ አይለቋትም ነበር። መለየት የሚፈቀደው እንዲህ ያለ ደዌ ሲመጣ ነው።"

ትናንት ከቤት አወጧት። አጎቷ ካሳ ከገብስ ማሳው ዳር ያለችውን የጠባቂ ጎጆ ለቀቀላት። የምትበላበት ዕቃ ለብቻ። ምንጭ ወርዳ መቅዳት የለም፤ ሌላ ሰው ቀድቶ ሜዳ ላይ ያስቀምጥላታል። ይህ ሁሉ በእኔ ብዕር...

ጻፍኩ እንጂ ደዌውን እኔ አላመጣሁት። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

የሻረግ ክኒን ልትወስድ መጣች። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ሌሎቹ ተነሡ። ሁለት ዓይነት ወረፋ ያለ ይመስል ነበር፤ አንዱ እሷ ብቻዋን።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"እንቅልፍ ተኛሁ" አለችኝ።

ምን ማለቷ ነው? በዚያች ጭስ መውጫ በሌላት ጎጆ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ስልሳ ሦስት ሰው። ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

የሻረግ ፊቷ ገርጥቷል። ክኒኑ ደም ያሳንሳል፤ ለታመመ ሰው እንኳ ከባድ ነው። እንደገና ላያት ወሰንኩ። ምልክቱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቅርፊት ተነሣ። ሥጋ ደዌ እንዲህ ይቀረፋል? ከክርኗ ኋላ ያለውን ነርቭ ዳበስኩት። በደዌው የወፈረ ነርቭ እንደ ገመድ ነው የሚገኘው። የእሷ ቀጭን፣ ለስላሳ። የእኔው ነርቭ ይመስላል።

ሌላ ምልክት እንዳለ ልይ ብዬ ማንጠግቦሽን ጠራኋት። ውስጥ አስገብታ የጀርባዋን ልብስ ገለጠችልኝ።

ነጭ ምልክት የለም። ሰንበር ነው ያለው። አሮጌው ላይ አዲስ፣ አዲሱ ላይ ደግሞ ሌላ። የጠፍር ነው። ማንጠግቦሽ ልብሱን ቶሎ መለሰችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ከበቅሎ ወድቄ ነው።"

የትኛዋ በቅሎ ናት እንዲህ መስመር አስምራ የምትጥል? ክኒኑን ሰጥቼ ሸኘኋት። ለምን ዝም አልኩ?

እሑድ፣ ኅዳር 19

ቅዳሴ ሄድኩ። ቄስ ንጉሴ አዜሙ። ዛሬ አላስለቀሱኝም። እጃቸውን ነበር የማየው።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። የሥጋ ደዌ ትምህርት ስንማር የጻፍኩት። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ያሳየን ነገር ነበር። ቆዳ ላይ አንዲት ጠብታ ያንጠባጥብና በመርፌ ጫፍ ይወጋታል። መጀመሪያ የተወጋው ቦታ ይቀላል። ቀጥሎ እንደ ትንኝ ንክሻ እብጥ ይላል። ከዚያ ዙሪያው በሰፊው ይቀላል፣ ይሞቃል። "ይህ ሦስተኛው የነርቭ ሥራ ነው" ብሎን ነበር። እኛ ነርቭ ማለት ሕመምን ወደ ጭንቅላት የሚያደርስ መልእክተኛ ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ መልእክቱን ይዞ ሲሄድ በጎን ባለው ቅርንጫፍ ወደ ቆዳው ይመለሳል፤ የራሱን መድኃኒት አፍስሶ የደም ሥሩን ይከፍተዋል። እሳት ተነሣ ብሎ የሚጮኸውም፣ እሳቱን የሚያራግበውም እሱ ነው። ነርቩ በሞተበት ቦታ እብጠቱ ይመጣል፤ ዙሪያው ግን አይቀላም። ሰውየው "ይሰማኛል" ቢልም፣ "አይሰማኝም" ቢልም፣ ቆዳው አይዋሽም።

ጠብታው የለኝም። ከተማርኩበት ሆስፒታል ወዲህ በዓይኔም አላየሁት። ግን ከሽንት ቤቱ ኋላ ሳማ ሞልቷል። ሳማስ ያው አይደለም? ወጥቼ አንድ ቅጠል በክንዴ ላይ አሸሁ። ለበለበኝ። እብጥ እብጥ አለ። የእኔ ቆዳ ጠቆር ስላለ መቅላቱ ብዙም አይታይም፤ በእጄ ጀርባ ስዳብሰው ግን ዙሪያው ትኩስ ነው። በአርባ ዓመቴ እሑድ ቀን ራሴን በሳማ እለበልባለሁ። ባለቤቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 23

ሞከርኩት። መጀመሪያ አዳነ ላይ፤ ስድስት ዓመት የማውቀው ሕመምተኛ ነው። ደንዝዞ በቀረው ቦታው ላይ ሳማውን አሸሁት። ትንሽ እብጠት ወጣ፣ ቆመ። ዙሪያው ቀዝቃዛ። ልክ እንደ ደብተሬ።

ከዚያ የሻረግን ወደ ውስጥ አስገባኋት። "ዓይንሽን ጨፍኚ" አልኳት። ምን እንደምነካት አልነገርኳትም። ቅጠሉን ምልክቱ ላይ አሳረፍኩት። ሳማ እንዴት እንደሚያቃጥል የማያውቅ የጋይንት ሰው የለም። ፊቷ ፍንክች አላለም!

"ይሰማሻል?"

"ምንም።"

ክንዷ ግን... እብጠቱ ተነሣ። ከዚያ ቀስ እያለ ዙሪያው ቀላ፣ ሰፋ፣ ፍም መሰለ። ቀይ ስለሆነች ቁልጭ ብሎ ታየ። እጄን አስጠጋሁት፤ ሙቀቱ ሳልነካው ተሰማኝ።

"ዓይንሽን ግለጪ" አልኳት። ክንዷን አየች። እኔን አየች። ገባት።

"ያን ሐሙስ ቁጭ ብለሽ ያየሽው መርፌውን ነበር አይደል? ምን እንደምል፣ ሰው ምን እንደሚመልስ?"

"አዎ።"

"ደም እስኪወጣ ስወጋሽ ያምሽ ነበር?"

"የእርስዎ መርፌ ምን አላት?" አለችኝ። እንደ መሳቅ ብላ።

በኋላ አለቀሰች። "ሐኪም፣ በእናትዎ ከመዝገቡ አይፋቁት። ቁምጥና አለባት ይበሉኝ። ልጆች ድንጋይ ይወርውሩብኝ። እዚያ ቤት አይመልሱኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የበሩን ድምፅ ሳዳምጥ ነው ያደርኩ።"

ጠላኋቸው። ቄስ ንጉሴን። ራሴንም ትንሽ።

ዓርብ፣ ኅዳር 24

አልፋቅሁትም። ክኒኑን ግን አቆምኩ፤ ለጤነኛ ሰው መርዝ አልሰጥም። በየሐሙሱ ባዶ ወረቀት ጠቅልዬ እሰጣታለሁ። ማንጠግቦሽ ብቻ ታውቃለች። መዝገቡ ላይ "ወስዳለች" ብዬ እጽፋለሁ። ውሸት ነው። አውቃለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት መጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

የሻረግ መልኳ ተመለሰ። ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነው የምትውለው አሉ። ልጆቹ ድንጋይ መወርወር ሰልችቷቸዋል። ዛሬ ባዶ ወረቀቷን ስሰጣት "መድኃኒቱ ተስማምቶኛል" ብላ ዓይኗን ወደ ማንጠግቦሽ ሰበር አደረገች። ማንጠግቦሽ ሳቋን ልትውጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ሳቅኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ግን ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 5

ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? እንዴት?

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አንዲት ልጅ መጣች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ብርቄ እባላለሁ አለችኝ፤ የየሻረግ ታናሽ እህት። ለግራዝማች አስማረ ልጅ ታጭታለች። ሰርጉ ጥር 29 ነበር። ነበር። ግራዝማች ሽማግሌ ልከው አፈረሱት። "ደዌ በዘር ነው፤ ከዚያ ቤት ልጅ አላመጣም" ብለው።

"እኔንም ይዩኝ" አለችኝ። ራሷ ክንዷን ዘረጋች። "ካሁን ወዲያ ማንም አያጨኝም። አባቴ ምግብ ከበላ ሦስት ቀኑ ነው።"

አየኋት። ጥፍሯ ላይ እንኳ ነገር የለም። "ንጹሕ ናት" ብዬ ማኅተም መትቼ ሰጠኋት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ እየሮጠች ሄደች።

አንዲትን ሴት ላድን ብዬ... አገሩን እያወቅሁ! እዚህ አገር አንድ ሰው ብቻውን አይታመምም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ነው የሚጻፈው። ማንጠግቦሽ እንኳ አላሰበችውም።

ዓርብ፣ ጥር 6

ወረቀቱ ተመለሰ። ግራዝማች ቤት ሄድኩ። በወግ ተቀበሉኝ።

"ደዌው በዘር አይተላለፍም፣ ግራዝማች።"

"አንተ ሐኪም ነህ፤ እኔ የልጅ አባት ነኝ። ልጅቱ ዛሬ ንጹሕ ናት ብለሃል። አምናለሁ። ስለ ልጇስ፣ ስለ ልጅ ልጇስ ትጽፍልኛለህ?"

"እህትየዋ ጤነኛ ብትሆንስ?"

"እሷማ ጤነኛ ብትሆን ምን ጠብ አለን? ግን አንተው ነህ የጻፍከው።"



እሑድ፣ ጥር 8

ጎጆዋ ድረስ ሄድኩ። ከሩቅ ስታየኝ ተነሣች። ነገርኳት። ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ። ስለ ብርቄ አልሰማችም ነበር፤ ማን መጥቶ ይነግራታል?

እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነፋሱ የታጨደውን ማሳ ገለባ ይበትናል።

"የግራዝማች ልጅ... ይመታ ይሆን?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ብርቄ ትወደዋለች?"

"እያለቀሰች ነበር።"

እንዝርቷን አነሣች። ከዚያ "መቼ ነው ሽማግሌዎቹ በብርቄ ነገር የሚቀመጡ?"

"ቅዳሜ። የማርያም ደጀ ሰላም።"

ልማለድልሽ፣ ሌላ መንገድ ልፈልግ፣ እያልኩ ቀባጠርኩ። ሌላ መንገድ የለም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። "ይሂዱ፤ ፀሐይ ሳትገባ" ብላ ሸኘችኝ። ወደዚያ ቤት መመለሷ ነው። ለእህቷ ስትል። እኔስ ምን ልሰጥ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ዛሬ ካልጻፍኩት አልጽፈውም።

ሰባት ሽማግሌ ነበሩ፤ ግራዝማች አስማረ መሐል። ሚስታቸው ወይዘሮ ደጊቱ ከሴቶቹ ጋር ከግንቡ ሥር። ቄስ ንጉሴም ነበሩ። የሻረግ ሳትጠራ መጣች። ሰው መንገድ ከፈተላት፤ ከአክብሮት አይደለም፣ እንዳትነካቸው ነው። መሐል ስትደርስ ከነጠላዋ ውስጥ አንድ እቅፍ ሳማ አወጣች። በባዶ እጇ! ግራ ክንዷን ገለጠችና ምልክቱ ላይ አሸችው። ቀኝ ክንዷንም።

"እዩ" አለች።

አዩ። በሁለቱም ክንዷ እኩል አበጠ፣ እኩል ቀላ። ፀሐይ ላይ ነበረች።

"ሐኪም፣ ይንገሯቸው።"

ተነሥቼ አዳነን ወደ ፊት ጠራሁት። ፈቃዱን ጠይቄው ነበር። ደንዝዞ የቀረውን ቦታውን አሳየኋቸው፤ ሳማው እብጠት ብቻ አወጣ። "ደዌው ነርቩን ሲገድለው ቆዳው እንዲህ ይቀራል። ይቆጣ ዘንድ የሚያደርገው የለም" አልኳቸው። "የእሷ ነርቭ ሕያው ነው። ደዌ የለባትም። ኖሮባትም አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን አለባት ብለህ ጻፍክ?" አሉ ግራዝማች።

"ዋሽቻቸው ነው" አለች የሻረግ።

እዚያ ላይ ብተወው ነፃ ነበርኩ። የዝውውሩ ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት! "መጀመሪያ ዋሸችኝ" አልኩ። "ከኅዳር ወዲህ ግን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።"

ጉርምርምታ። ቄስ ንጉሴ ዕንባቸው መጣ። "ምን አድርጌሽ? ምን አጉድዬብሽ?" ድምፃቸው ያው ያማረ ድምፅ ነው። ሰው አዘነላቸው። አየሁት።

የሻረግን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነው። "ሴቶቹ ወደ ውስጥ አስገብተው ጀርባዋን ይዩ" አልኩ።

ወይዘሮ ደጊቱ ሌሎች ሦስት ሴቶችን ይዘው ገቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ ወይዘሮ ደጊቱ ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ባላቸው መጡ። "ይህች ልጅ አትመለስም" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ግራዝማች ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚስታቸውን ፊት አዩና መልሰው ዘጉት። "ያየነው ይጻፍ" አሉኝ ወይዘሮ ደጊቱ ወደ እኔ ዞረው። "ስንት እንደሆነ። የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ። ያው የደዌው መዝገብ ላይ ይጻፍ።"

ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመሽ ፈረዱ። ጋብቻው ይፍረስ አልተባለም፤ ትመለስ አልተባለም። አጎቷ ዘንድ ትቀመጣለች። ቄሱ ክህነታቸው አይነካም። ሰርጉ ይሆናል። ይህም ፍርድ ከሆነ... ግን አልተመለሰችም። አልተመለሰችም!

ሰኞ፣ ጥር 30

ትናንት ሰርጉ ሆነ። የሻረግ ከሴቶቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ በላች። ማንም አልተነሣም።

ዛሬ ደብዳቤው መጣ። "መዝገብ አዛብተሃል" የሚል ማስጠንቀቂያ። ዝውውሩ ተሰርዟል። ለባለቤቴ ይህን ለመጻፍ ሦስቴ ጀመርኩ። ሦስቴም ቀደድኩት። ናፍቃኛለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ካሁን በኋላ ሕመምተኛ ግቢው ውስጥ አላይም። ማንጠግቦሽ ሁለተኛ መስኮት አስከፈተችልኝ፤ አናጢውን እንዴት እንዳሳመነችው እንጃ። ክፍሉ በራ።

ጧት ስወጣ አግዳሚው ላይ ሰባት ሴቶች ተቀምጠዋል። ከሰባቱ አንዲትም አትታከክም። ቋቁቻ የለ፣ ጭርት የለ። ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ደጊቱ ናቸው። የግራዝማች አስማረ ሚስት፣ የብርቄ አማት፣ ከእኔ ወረፋ ላይ።

መጀመሪያ እሳቸውን አስገባሁ። ማንጠግቦሽ በሩን ዘጋች። ለምርመራ የመጡ መስሎኝ ጥጡንና መርፌውን አቀረብኩ። ወይዘሮ ደጊቱ በእጃቸው ወዲያ ገፉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ልብሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"የሻረግ አይሰማኝም ብላ ነው የመጣችብዎ" አሉ። "እኔ ይሰማኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይሰማኛል። ይጻፉ።"

መዝገቡን ገልጬ ጻፍኩ። ውጭ ገና ስድስት አሉ።